ክሩ የሚያርፍባት ጀልባ፦ ለፍላይ ፊሺንግ የምትመች ትንሽ የቀዘፋ ጀልባ አመራረጥ

ፀደይ በገባ ቁጥር በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያለን ዓሣ አጥማጆች የምንጠያየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ “ከዳር ቆሞ መወርወር በቃኝ፤ ምን ዓይነት ትንሽ ጀልባ ልግዛ?” መደብር ሲገቡ የዘንግ ማስቀመጫ፣ የስልክ መያዣ፣ ፔዳልና መሳቢያ የተደረደረበት ካያክ ይቀርብልዎታል። በተራ ዘንግ ለሚያጠምድ ሰው ይህ ሁሉ ይጠቅመዋል። በፍላይ ለሚያጠምድ ግን አብዛኛው እንቅፋት ነው።

በተራ ዘንግ ስናጠምድ ቀጭኑን ክር ይዞ የሚሄደው ጫፉ ላይ ያለው እርሳስ ወይም ማታለያ ነው። ፍላይ ግን ከላባና ከክር ተሠርቶ መንጠቆ ላይ የታሰረ፣ ክብደት የሌለው ያህል የቀለለ ነገር ነው። እሱን አየር ላይ የሚወስደው ወፍራሙና ከባዱ የፍላይ ክር ራሱ ነው። ሙሉው ክር አብዛኛውን ጊዜ ከ27 እስከ 30 ሜትር ይረዝማል። ከዚያ ውስጥ 8 ወይም 10 ሜትሩ ከማጠንጠኛው ወጥቶ እግርዎ ሥር ተኝቶ ቀጣዩን ውርወራ ይጠብቃል። ስለዚህ ጀልባዋ ዓሣው ያለበት ቦታ የምታደርስ ብቻ ሳትሆን ክሩ የሚያርፍባት ወለል ናት። ከዚህ በታች ያሉትን ዘጠኝ ደረጃዎች ሲከተሉ ይህን ነገር ከልብዎ አያውጡ።

1. መጀመሪያ ውኃውን ይወስኑ

“ለሁሉም ውኃ የምትሆን” ብለው የሚገዟት ጀልባ ለአንዱም በደንብ አትሆንም። የሚቀጥሉትን ሁለት ዓመታት አብዛኛውን ቅዳሜ የት ሊያሳልፉ እንደሚችሉ ያስቡና ያንን ውኃ በስሙ ይጻፉት።

በፌርፋክስ ያለው በርክ ሌክ 218 ኤከር የሚሰፋ የተኛ ውኃ ነው። የቤንዚን ሞተር ስለማይፈቀድበት ትልቅ ጀልባ የሚያስነሣው ሞገድ የለም። በሜሪላንድ ያለው ሊትል ሴኔካ ሌክም ለቀዛፊ የሚመች ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሐይቅ ብሉጊልና ላርጅማውዝ ባስ የተባሉት ዓሦች በዳር ዳር ባለው ሣር ውስጥ ይገኛሉ። እዚህ የምትፈለገው ሰፋ ያለች፣ የማትወዛወዝና ቀጥ ብላ የምትሄድ ጀልባ ናት።

ሸናንዶዋ ወንዝ ግን ድንጋያማና ብዙ ቦታ ጥልቀቱ ትንሽ ነው። ስሞልማውዝ ባስ ፍለጋ ወደዚያ የሚሄዱ ከሆነ አጠር ያለች፣ ቶሎ የምትታጠፍና ሆዷ ድንጋይ የሚችል ጀልባ ያስፈልግዎታል። በፖቶማክ ላይ ፍሌቸርስ ኮቭ በሚያዝያ ወር ሻድ የተባለው ዓሣ ከባሕር ሲወጣ በአጥማጅ ይሞላል። ወንዙ ግን በዚያ ወቅት ብርቱና ቀዝቃዛ ስለሆነ የጀማሪ ቦታ አይደለም። ለመጀመሪያው ዓመት ትንሽና የተኛ ሐይቅ ይምረጡ።

ይህን ኢትዮጵያ ሆነው የሚያነቡ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ሌላ ነው። በጫሞና በአባያ አዞና ጉማሬ አለ፤ በጣናም ጉማሬ አለ። ዝቅ ያለች ካያክ ወይም ተነፊ ጀልባ ለእነዚህ ውኃዎች አትሆንም። በባሌ ያለውን ትራውት የተባለ ዓሣ ደግሞ ከወንዙ ዳር ቆሞ ማጥመድ ስለሚቻል ጀልባ አያስፈልገውም።

2. ማን ይሸከማታል? የትስ ታድራለች?

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ዘሎ ያልፋል፤ በኋላም የሚቆጨው ይኸው ነው። በደንብ የተሟላ የዓሣ ማጥመጃ ካያክ ከ30 እስከ 50 ኪሎ ይመዝናል። ሦስተኛ ፎቅ አፓርታማ ለሚኖርና ትንሽ የቤት መኪና ለሚነዳ ሰው 45 ኪሎ ጀልባ ብቻውን ጣሪያ ላይ መስቀል ከባድ ነው። የከበደች ጀልባ ደግሞ ከቤት አትወጣም። ብቻዎን አንሥተው ውኃ ማድረስ የሚችሉት ምን ያህል ኪሎ እንደሆነ በሐቀኝነት ይወስኑ። ለብዙ ሰው ይህ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ነው።

የመኪናዎ ጣሪያ ስንት ኪሎ እንደሚችል በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፏል፤ ጀልባዋንና የምትታሰርበትን የጣሪያ ብረት ደምረው ያወዳድሩ። ሲያስሩ ወገቧን በሁለት ጠፍጣፋ ማሰሪያ፣ ከፊትና ከኋላ ጫፏን ደግሞ በገመድ ወደ መኪናው ይያዙ። በእጅ እየተሳበ የሚጠብቀው ማሰሪያ ይበቃል። በጥርስ የሚጠብቀው የዕቃ መኪና ማሰሪያ የፕላስቲክ ጀልባን ሆድ ጨፍልቆ ቅርጿን ያበላሻል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ከአሥር ደቂቃ ጉዞ በኋላ ቆመው ማሰሪያውን እንደገና ይፈትሹ።

3. ዓይነቱን ይለዩ

ገበያ ላይ ከሚያገኟቸው ውስጥ አምስቱ ለዚህ ሥራ ይታሰባሉ።

*ላይዋ ላይ የሚቀመጡባት ካያክ።* ወለሏ ክፍት ነው፤ ውኃ ቢገባ በቀዳዳዎቿ ይፈስሳል፤ ቢወድቁም ተመልሰው መውጣት ይችላሉ። ለጀማሪ የምመክረው ይህችን ነው።

*ውስጧ የሚገቡባት ካያክ።* ፈጣንና ቀላል ናት። ነገር ግን መቀመጫዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ መወርወር ያስቸግራል፤ ከተገለበጠችም ውኃ ትሞላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው አልመክራትም።

*ለአንድ ሰው የተሠራች ካኑ።* ሆዷ እንደ ገበታ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ክሩ ወደ ውኃ አይንሸራተትም። ከቀላል ጨርቅና ሙጫ የተሠሩት ከ15 ኪሎ በታችም ይገኛሉ። ድክመቷ ነፋስ ነው፤ ጎኗ ከፍ ያለ በመሆኑ ነፋስ ይገፋታል።

*ቆመው የሚቀዝፉባት ሰሌዳ።* ወለሏ ሙሉ በሙሉ ገላጣ ስለሆነ ለክር ከሁሉም ትሻላለች። በአንጻሩ ሚዛን ትፈልጋለች፤ በቀዝቃዛ ወቅትም ሰውነትዎን ለውኃ ታጋልጣለች። በወንዝ ላይ ከሰሌዳዋ ጋር የሚያያይዝዎትን ገመድ ቁርጭምጭሚትዎ ላይ አይሰሩ፤ ገመዱ ግንድ ወይም ድንጋይ ላይ ቢያዝ ውኃው ወደ ታች ይጫንዎታል። በወንዝ በአንድ ጉተታ የሚፈታ የወገብ ማሰሪያ ብቻ ይጠቀሙ።

*የምትነፋ ካያክ።* ቁም ሳጥን ውስጥ ታድራለች። ወፍራሙ ጨርቅ በመንጠቆ ቶሎ አይበሳም፤ ቢሆንም መጠገኛ ይያዙ። ሁለት ስሕተቶች ይገድሏታል፤ እርጥብ ሳለች ማጠፍ ያሻግታታል፣ ጠንክራ እንደተነፋች ፀሐይ ላይ መተው ደግሞ አየሩ ሞቆ ስፌቷን ያፈነዳዋል። ምሳ ለመብላት ዳር ሲወጡ ትንሽ አየር ያስተንፍሱላት።

4. ርዝመትና ስፋት

ረጅም ጀልባ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ አጭር ጀልባ ቶሎ ትዞራለች። ሰፊ ጀልባ አትወዛወዝም፣ ጠባብ ጀልባ ፈጥና ትሄዳለች። አራቱንም በአንዴ የምትሰጥ ጀልባ የለችም።

ለትንሽ ሐይቅ ከ3 እስከ 3.6 ሜትር፣ ማለትም ከ10 እስከ 12 ጫማ ይበቃል። ቁጭ ብለው ብቻ የሚያጠምዱ ከሆነ 76 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስፋት በቂ ነው። ቆመው መወርወር ከፈለጉ ግን ከ84 እስከ 92 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ከ33 እስከ 36 ኢንች ይፈልጉ። ስፋቱን በወረቀት ላይ ብቻ አይመኑ፤ ጀልባዋን ገልብጠው ሆዷን ይዩ። መካከሉ ገባ ብሎ ሁለቱ ጎኖች እንደ ሁለት እግር ወደ ታች የወረዱ ከሆነ ለመቆም የተሠራች ናት። ሆዷ እንደ ቅል ክብ ከሆነ በፍጥነት ትሄድ ይሆናል እንጂ ቆመው ሲዞሩ ትከዳዎታለች።

5. የምትሸከመውን ያሰሉ

አብዛኞቹ ጀልባዎች የመጨረሻ የመሸከም አቅማቸው ተጽፎ ይሸጣሉ። እዚያ ቁጥር ላይ የደረሰ ጭነት ግን ጀልባዋን ውኃው ውስጥ በጣም ዝቅ ያደርጋታል፤ ሚዛኗም ይበላሻል። ከተጻፈው 70 በመቶውን ብቻ እንደ ትክክለኛ አቅም ይውሰዱ።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦ እርስዎ ከነልብስዎ 80 ኪሎ ቢሆኑ፣ ዘንጉ፣ የፍላይ ሣጥኑ፣ መልህቁ፣ ውኃውና ምግቡ 15 ኪሎ ቢደርስ ድምሩ 95 ኪሎ ነው። 95 ለ0.7 ሲካፈል ወደ 136 ኪሎ ይመጣል። ስለዚህ 136 ኪሎ ወይም 300 ፓውንድ የማትሸከም ጀልባ አይግዙ። ልጅዎን ወይም ውሻዎን ይዘው የሚወጡ ከሆነ የእነሱንም ይደምሩ።

6. ወለሉን በክር ይፈትኑ

ከሁሉም የሚበልጠው ደረጃ ይህ ነው። አንድ ጠዋት በፔዳል በምትሄድ ካያክ ላይ ሆኜ ሣሩ አጠገብ ፍላዬን ጣልሁ። መዳፍ የሚያህል፣ ደረቱ ብርቱካናማ የሆነ ብሉጊል ወሰደው፤ ከሥሩ ደግሞ ትልቅ ባስ ተነሥቶ ብሉጊሉን ዋጠው። ዓሣው ወደ ጥልቁ ሲሮጥ እግሬ ሥር የነበረው ክር እየተፈታ መውጣት ጀመረ። ከዚያ በድንገት ቀጥ አለ። ሳይ አንድ ዙር ክር የፔዳሉ አንገት ላይ ተጠምጥሟል። እጄን ወደ ታች ከመስደዴ በፊት ጫፉ ተበጠሰ። ያን ዕለት የተማርሁት ይህ ነው፤ ክር መያዝ የሚችል ነገር ሁሉ ክር ይይዛል፤ የሚይዘውም ትልቁ ዓሣ ሲመጣ ነው።

ስለዚህ ወደ መደብር ሲሄዱ 10 ሜትር ያህል ያረጀ የፍላይ ክር በኪስዎ ይያዙ። ጀልባዋ ላይ ይቀመጡ፤ ክሩን በእጅዎ እየሳቡ ልክ ውኃ ላይ እንደሚያደርጉት እግርዎ ሥር ይጣሉት። ከዚያ ጫፉን ይዘው ወደ ፊት በፍጥነት ይሳቡት። ይህን አሥር ጊዜ ይደጋግሙ፤ በየት በየት እንደተያዘም ይቁጠሩ። የእግር መደገፊያ ጥርስ፣ የገመድ መንጠቆ፣ የክዳን እጀታ፣ ጎልቶ የወጣ ብሎንና የዘንግ ማስቀመጫ ዋነኞቹ ጠላቶች ናቸው።

ሁለት ሦስት ቦታ ቢይዝ መፍትሔ አለው። የሚፈታውን ይፍቱ፤ የማይፈታውን ለስላሳ በሆነ ሰፊ ፕላስተር ይሸፍኑ፤ ወይም እግርዎ ሥር እርጥብ ፎጣ ያንጥፉ። እርጥቡ ፎጣ ክሩን ነፋስ እንዳይወስደውም ይረዳል። በአሥር ሙከራ ሰባት ስምንት ጊዜ ከተያዘ ግን ዋጋዋ ምንም ያህል ቢረክስ ሌላ ጀልባ ይፈልጉ።

የጣና ዓሣ አጥማጅ የሚቀዝፋትን የደንገል ታንኳ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ላይዋ ከታሰረው ደንገል በቀር ምንም የለም። የምንፈልገው ይህን ባዶነት ነው።

7. መቀመጫውንና ውርወራዎን ያስማሙ

የፍላይ ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ 9 ጫማ፣ ማለትም 2.7 ሜትር ያህል ነው። ቆመው ሲወረውሩ ክሩ ከኋላዎ ከፍ ብሎ ይዘረጋል። ዝቅ ብለው ሲቀመጡ ግን ያው ክር ከኋላ ውኃውን ይመታል፤ ኃይሉም ይጠፋል። ስለዚህ ከወለሉ ከፍ ያለ፣ ሲፈልጉም ዝቅ የሚል የሸራ መቀመጫ ያላት ጀልባ ትመረጣለች። ጎኑ ላይ የክንድ መደገፊያ ያለው መቀመጫ አይጠቅምም፤ ክርዎን የሚስቡበትን እጅ ይከለክላል።

ጀልባ ከመግዛትዎ በፊት በቤትዎ ባለ ዕቃ መለማመድ ይችላሉ። ለቡና የምንቀመጥባትን አነስተኛ በርጩማ ይዘው ወደ መናፈሻ ይውጡ። በክሩ ጫፍ ላይ በመንጠቆ ፈንታ የሱፍ ክር ጉንጉን ይሰሩና በርጩማዋ ላይ ተቀምጠው ሣሩ ላይ ይወርውሩ። ከኋላዎ ያለው ክር ሣሩን ሳይነካ 12 ሜትር መድረስ ከቻሉ ቁጭ ብለው ማጥመድ ይችላሉ፤ ሰፊና ከባድ ጀልባም አያስፈልግዎትም። ካልቻሉ ከፍ ያለ መቀመጫ ይፈልጉ ወይም ለመቆም የምትመቸውን ይግዙ።

8. ለደኅንነቱ ዕቃ ገንዘብ ያስቀሩ፤ ሕጉንም ይወቁ

ያለዎትን ገንዘብ በሙሉ ጀልባዋ ላይ አይጨርሱት። ከእርሷ ጋር የሚገዙት እነዚህ ናቸው፦

- የሕይወት አድን ጃኬት። በአሜሪካ በካያክም በካኑም ላይ ለተሳፈረ ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ የሆነና የባሕር ጠረፍ ጥበቃው ያጸደቀው ጃኬት ጀልባዋ ላይ መኖር አለበት። በሜሪላንድ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በትንሽ ጀልባ ላይ ጃኬቱን መልበስ ግዴታው ነው። በፔንስልቬንያ ደግሞ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ በፈረንጆቹ ወር አቆጣጠር አዋቂውም በካያክና በካኑ ላይ ሊለብሰው ይገባል። ሕጉ ባያስገድድዎም ይልበሱት። ደረቱ ላይ ኪስና ቀለበት ያልበዛበትን ይምረጡ፤ እሱም ክር ይይዛል።
- መቅዘፊያ። ለሰፊ ካያክና ከፍ ላለ መቀመጫ ከ240 እስከ 260 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። አጭር ከሆነ ጎኗን እየመታ ጉልበትዎን ይጨርሳል።
- ፊሽካና መብራት። ፊሽካውን ጃኬቱ ላይ ይሰሩት። ከመሸ ወይም ሳይነጋ የሚወጡ ከሆነ ነጭ መብራት ይያዙ።
- መልህቅ። ሁለት እጅዎ በክርና በዘንግ ስለሚያዝ መቅዘፍ አይችሉም፤ ነፋሱ ይወስድዎታል። ለተኛ ውኃ 1.5 ኪሎ ያህል መልህቅ ይበቃል። የሚታሰረው በፊት ወይም በኋላ ጫፍ እንጂ በፍጹም በጎን አይደለም፤ በጎን የታሰረች ጀልባ ትገለበጣለች። በሚሮጥ ውኃ ላይ መልህቅ አይጣሉ። ገመዱን የሚቆርጥ ቢላዋም ደረትዎ ላይ ይኑር።

በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ በመቅዘፊያ ብቻ የምትሄድ ጀልባ ምዝገባ አያስፈልጋትም። ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ከገጠሙባት ግን ማስመዝገብ ግዴታ ይሆናል። የዓሣ ማጥመድ ፈቃድም ከ16 ዓመት ጀምሮ ያስፈልጋል። አንዳንድ መናፈሻ ጀልባ ለማውረድ የራሱ ፈቃድ ስላለው ከመሄድዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ።

9. ተከራይተው ይሞክሩ፤ ከዚያ ይግዙ፤ ከዚያም ይውደቁ

ከመግዛትዎ በፊት ሊገዙ ካሰቧት ዓይነት አንዷን ግማሽ ቀን ይከራዩና ዘንግዎን ይዘው ይውጡ። ያገለገለች የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ወደ ፀሐይ አውጥተው ይመልከቷት። በውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቿ ዙሪያና በመቀመጫዋ ሥር ስንጥቅ ይፈልጉ። ተጣጥፎ የነጣ ቦታ ፕላስቲኩ እንደደከመ ያሳያል። ውስጧ ጥቂት ባልዲ ውኃ ጨምረው በውጭ በኩል የሚያንጠባጥብ እንዳለ ይዩ። በኋለኛው ጫፏ በቀኝ ጎን 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ሊኖር ይገባል፤ የተፋቀ ከሆነ አይግዟት።

ጀልባዋ የእርስዎ ከሆነች በኋላ የመጀመሪያውን ቀን ዓሣ ሳያጠምዱ ያሳልፉት። ውኃው በሞቀበት ቀን፣ ደረት በሚደርስ ጥልቀት፣ ጓደኛዎ አጠገብዎ ሆኖ፣ ጃኬትዎን ለብሰው ሆን ብለው ይውደቁ። ከዚያ ተመልሰው ይውጡ። ሆድዎን ወለሉ ላይ አሳርፈው በእግርዎ ውኃውን እየመቱ ወደ ላይ ይሳቡ፤ ከዚያ ተገልብጠው ይቀመጡ። ይህን ሦስት ጊዜ ሳይታገዙ ማድረግ ካልቻሉ ብቻዎን አይውጡ።

ልምምዱን አስፈላጊ የሚያደርገው ቅዝቃዜው ነው። በሚያዝያ አየሩ በሸሚዝ ያስኬዳል፤ ውኃው ግን ገና ክረምት ነው። በጣም በቀዘቀዘ ውኃ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመቆጣጠር አንድ ደቂቃ፣ እጅና እግሩ የሚታዘዙለት ደግሞ አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የሚለብሱትን ለአየሩ ሳይሆን ለውኃው ይምረጡ። ነፋሱ በሰዓት ከ15 ኪሎ ሜትር ካለፈ ዳር ሆነው ያጥምዱ። ሲወጡም መጀመሪያ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተጋፈጡ ይሂዱ፤ ሲደክምዎ እሱ ራሱ ወደ መኪናዎ ይመልስዎታል።

እነዚህን ደረጃዎች ተከትለው የመረጧት ጀልባ ከመደብሩ ሁሉ ያማረችው ላትሆን ትችላለች። ብቻዎን የሚያነሷት፣ ወለሏ ገላጣ የሆነች፣ ወድቀው ተመልሰው የሚወጡባት ከሆነች ግን ትክክለኛዋ እርሷ ናት። ቅዳሜ ንጋት ላይ እርጥቡን ፎጣ ያንጥፉባት፣ ክሩን እግርዎ ሥር ያሳርፉ፣ ሣሩ ጠርዝ ላይ ይወርውሩ። ትልቁ ዓሣ ሲሮጥም ክሩ ምንም ሳይዘው ተፈትቶ ያልቃል።